ስለ ዓባይ ሰባራ ድልድይ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ሰባራ ድልድይ ጥቂት ልንጽፍ ወደናል። ሰባራ ድልድይ በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ በኩል ዓባይ ላይ የሚገኝ፣ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረ የድንጋይ ድልድይ ነው።

ጎጃም በዓባይ የታቀፈ አገር መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ውሃው ከጣና ሲነሣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሱዳን ጠረፍ ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እንዲህ በገደል ውስጥ እየተንደረደረ ስለሚወርድ እንደ ግብጹ ዓባይ ጀልባ ሽቅብና ቁልቁል አይመላለስበትም። ለሌላው አገር ወንዝ መንገድ ነው፣ ለእኛ ግን አጥር ሆኖ ኖሯል። በበጋ በዋናም በታንኳም ይታለፋል። ክረምት ከገባ ግን ማዶ ያለ ዘመድ ቢሞት መርዶው የሚሰማው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ሳይቀብሩና ሳያለቅሱ መቅረት ምን እንደሆነ ለዕድርተኛ አይነገርም።

ለዚህ ችግር ነገሥታቱ መላ ፈለጉለት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የዓላታ ድልድይ ተሠራ፤ እሱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰባራ ድልድይ የተሠራው ደግሞ በልጃቸው በዐፄ ፋሲል ነው፤ እሳቸው ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነግሠዋል። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ይሄ ለእኛ አይዋጥልንም። ፋሲል እኮ የፖርቱጋል ሚሲዮኖችን ገና በነገሡ ሰሞን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው! ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ማያያዝን በአባታቸው ዘመን ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች እንዳሳዩ ተጽፏል። ሙያው ግን አገር ውስጥ ቀርቷል፤ ያገራችን ግንበኛም ተምሮታል ማለት ነው። ኖራው በእንቁላል የተለወሰ ነው የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ።

ድልድዩ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ግድም አገለገለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ገባ። በ1930 ዓ.ም. አገሩ ሲያምፅ በሞጣ በኩል ልጅ ኃይሉ በለው፣ በእኛ በዳሞት በኩል ነጋሽ በዛብህ ጦር ይመሩ ነበር። እንደሚነገረው የድልድዩን መሐል ቅስት ያፈረሱት ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው ያገሩ ሰዎች ናቸው። ጠላት የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ሄደ፣ ከዚያም ከጎጃም ወጣ። ድልድዩ ግን እንደ ተሰበረ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው በገመድ ተሻገረ። በወዲህና በወዲያ ጫፍ ጎበዞች ይቆማሉ፣ መንገደኛው ወገቡን ይታሰራል፣ ከበታቹ ዓባይ እየጮኸ በአየር ላይ ይጎተታል። ጭነቱም እንደዚያው።

ጡረታ ከወጣን በኋላ ሦስት ሆነን ሄደን አየነው። ቁልቁለቱ ለጉልበት አይራራም። ከታች ስንደርስ የዳርና የዳሩ ትናንሽ ቅስቶች ቆመዋል፣ ትልቁ የመሐሉ የለም። ኖራውን በጥፍር ብንፍቀው አልላቀቅ አለን። ያፈረሱት ሰዎች ስንት ቀን ደክመው ይሆን ብለን ብዙ ተጨዋወትን። ከመሐላችን አንዱ «አባቶቻችን የገዛ በራቸውን ነቅለው ጣሉ» አለ። እኛም እውነቱን ነው አልነው፤ ምክንያቱም ጠላት በጥቂት ዓመት ሲሄድ ዕዳውን እስከ ልጅ ልጅ የከፈለው ያው ባላገር ነው። መንግሥታትም ሲለዋወጡ ያችን አንዲት ቅስት የሚመልስ ጠፋ።

መላው የመጣው ከሩቅ ነው። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የገመዱን መሻገሪያ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ፤ ሰው አስተባብሮ በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ያንን ብረት በ1997 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እኛም የተሻገርነው በእሱ ነው፣ ሲወዛወዝ ግን ልብ ያርዳል።

ማየት የምትፈልጉ አባላት በበጋ ሂዱ። ጉልበት የማይችል ዓላታን ይመልከት፤ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ከተማ ድረስ መኪና አለ፣ ከዚያ እግር መንገዱ አጭር ነው።