ሬጌና የመተማ መንገድ

ከጎንደር መተማ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ብዙ የጎንደር ወጣቶች ይህን መንገድ በእግራቸው ነው የጨረሱት፤ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ እየተደበቁ። ሻለቃ መላኩ ተፈራ የደርግ ተጠሪ ሆኖ ክፍለ ሀገሩን የያዘበት፣ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲምርላቸው በግጥም የተማጸኑበት ዘመን ነበር። ደጋ ያደገ ልጅ በሶውን በከረጢት ቋጥሮ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከወታደር ቢያመልጥ ወባው ይጠብቀዋል። ገላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ ወይም ካርቱም ይከርማል፤ የቀናው አሜሪካ ይገባል።

በዚያው በ1969 ዓ.ም.፣ ሰኔ አካባቢ፣ ቦብ ማርሌ «ኤክሶደስ» የተባለውን አልበሙን አወጣ። ኤክሶደስ ዘጸአት ማለት ነው። ለጃማይካ ራስተፈሪያን ጽዮን ኢትዮጵያ ናት፤ መውጣትም ወደዚህ መምጣት ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ከዚህ እየወጡ ነበር። አንዱ በዘፈን ወደ ኢትዮጵያ ሲገሰግስ ሌላው በባዶ እግሩ ከኢትዮጵያ ይሸሻል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ማርሌ ራሱ በ1971 ዓ.ም. መጥቶ አዲስ አበባንና ሻሸመኔን አይቷል፤ አገሩ ግን ገና ሐዘን ላይ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች ከተገናኙባቸው ቦታዎች አንዷ ቺካጎ ናት። እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ሬጌ የሚጫወት ባንድ ነበራቸው፤ ስሙም ዳሎል። በረዶ በሚጋገርባት ከተማ ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች ያለውን፣ እንደ እሳት የሚፋጀውን የአፋር ምድር ስም መረጡ። ከባንዱ አባላት አንዱ ዘለቀ ገሠሠ በክላርክ ጎዳና ላይ «ዋይልድ ሄር» የተባለውን የሬጌ ቤት ከእ.ኤ.አ. 1986 እስከ 2011 አስተዳድሯል።

የማርሌ ልጅ ዚጊ ከእኅቶቹና ከወንድሙ ጋር «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለውን አልበም ሲሠራ ያጀቡት የዳሎል ልጆች ነበሩ። አልበሙ በእ.ኤ.አ. 1988 ወጣ፤ በዓመቱ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከውስጡ «ቱሞሮው ፒፕል» የተባለው ዘፈን በአሜሪካ ከአርባዎቹ ተወዳጅ ዘፈኖች ተርታ ገብቷል።

ሬጌ ለጎንደር ጆሮ ቀላል አይደለም። በእኛ ጭብጨባ ከበሮው አንዱን ምት ሳይጨርስ ሌላውን ያስከትላል፤ ትከሻም እፎይ አይልም። በሬጌ ከበሮኛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተወዋል፤ ዱላው የሚያርፈው ሦስተኛው ላይ ነው። ጊታሩ ደግሞ በመሐል በመሐል ቁርጥ እያለ ይመልሳል። መታገሥ ይጠይቃል። አገር ጥሎ ከርሞ መጠበቅ የለመደ ሰው ይህን ባዶ ቦታ የሚያውቀው ይመስለኛል። አልበሙን ለማያውቅ ሰው ብታስደምጡት አጃቢዎቹ የጃማይካ ተወላጆች አይደሉም ብሎ አይጠረጥርም።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ የማርሌ 60ኛ የልደት ቀን፣ ዚጊ መስቀል አደባባይ ላይ ዘፈነ። አባቱ የዘፈነለት ጉዞ ለልጁ ተሳካ። በሌሊት መተማን ከተሻገሩት መካከል ግን ያልተመለሱ ብዙ ናቸው።

አሁን ጎንደር ፒያሳ የማርሌ ሥዕል የተለጠፈበት ባጃጅ ማየት ብርቅ አይደለም። ሰው ጭኖ ወደ አዘዞ ይወርዳል፤ የመተማው መንገድ ወደሚገነጠልበት።