ኮሌጅና መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር ታሪክ መጀመሪያ፤ የሐምፕተንና የላንግሌይ ምሳሌ

ትምህርት ቤቶችና ኢንዱስትሪዎች ተባብረው ከልዩ ልዩ ወገን የመጡትን ወጣቶች ለኮምፒዩተር ሥራ ማዘጋጀት አለባቸው የሚለው አሳብ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነገር ሲነገር እንሰማለን። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ብንመረምር፣ ኮምፒዩተር የሚለው ቃል የመኪና ሳይሆን የሰው መጠሪያ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለው ትብብር እንደ ነበረ እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሐምፕተን ከተማ የሆነውን ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ በዘርና በጾታ ምክንያት ከሥራው ርቀው የነበሩትን ሰዎች ወደ ሥራው ያስገባቸው ትምህርት ብቻ ነውን? ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላንግሌይ የተባለው ላቦራቶሪ የአሜሪካ መንግሥት የበረራ ምርምር የሚካሄድበት ስፍራ ነው። መሐንዲሶቹ የአውሮፕላን ሞዴል በነፋስ ዋሻ ውስጥ እየፈተኑ የሚያገኙት ቁጥር እጅግ ስለ በዛ፣ በ1935 አምስት ነጮች ሴቶች ስሌቱን ብቻ እንዲሠሩ ተመደቡ። መጠሪያቸውም «ኮምፒዩተር»፣ ማለት አስሊ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ሥራው ከሠራተኛው በለጠ። በዚያው ዘመን የሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ፊሊፕ ራንዶልፍ፣ ጥቁሮች ከመከላከያ ኢንዱስትሪ ሥራ መከልከላቸውን በመቃወም በዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ እንደሚያደርጉ አስታወቁ። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁን 1941 ቁጥር 8802 የተባለውን ትእዛዝ አወጡ፤ ትእዛዙም በመከላከያ ኢንዱስትሪና በመንግሥት ሥራ በዘር ማዳላትን የሚከለክል ነበር።

በዚያው ከተማ በ1868 በአሜሪካ ሚስዮናውያን ማኅበር ርዳታ ከባርነት ነጻ ለወጡት ሰዎች የተቋቋመው ሐምፕተን ኢንስቲቱት ይገኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ኮሌጁ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የምህንድስና የጦር ጊዜ ትምህርት ከፈተ፤ ከነዚህም አንዱ ለሴቶች የተሰናዳ ነበር። በ1943 ከዚህና ከሌሎች የጥቁሮች ኮሌጆች የወጡ ሴቶች ወደ ላንግሌይ ገብተው «የምዕራብ ክፍል አስሊዎች» ተባሉ። እንግዲህ መንግሥት ገንዘቡን፣ ኮሌጁ ትምህርቱን፣ ላቦራቶሪው ሥራውን በማቅረብ እያንዳንዱ ድርሻውን አዋጣ ማለት ነው።

ይህም ሲሆን፣ በሩ የተከፈተው በግማሽ ነበር። ጥቁሮቹ አስሊዎች የሚሠሩበት ክፍል፣ የሚበሉበት ጠረጴዛና መጸዳጃቸው የተለየ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው የወይዘሮ ሜሪ ጃክሰን ታሪክ ነው። እርሳቸው በ1942 ከሐምፕተን ኢንስቲቱት በሒሳብና በፊዚካል ሳይንስ ተመርቀው፣ በ1951 ላንግሌይ ገቡ። አብረዋቸው የሚሠሩት መሐንዲስ ምህንድስና እንዲማሩ መከሯቸው። ነገር ግን የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ለላቦራቶሪው ሠራተኞች የሚሰጠው የማታ ትምህርት በነጮች ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ነበረ፣ ለመግባት የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ መለመን ግድ ሆነባቸው። ፈቃዱን አግኝተው ተምረው በ1958 መሐንዲስ ሆኑ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲውና መሥሪያ ቤቱ ቢስማሙ እንኳ፣ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቤት ለሁሉ ካልተከፈተ ስምምነቱ ለአንዱ ወገን ብቻ የሚጠቅም እንደ ሆነ እናስተውላለን።

ከዚህ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። የኤሌክትሮኒክ መኪናዎች ገብተው ሰው በእጁ የሚያሰላውን በፍጥነት ማስላት ጀመሩ። በ1958 ላቦራቶሪው በናሳ ሥር ሲገባ የተለየው የምዕራብ ክፍል ቀረ። ከ1949 ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ዶሮቲ ቮን፣ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነበሩ። እርሳቸው ፎርትራን የተባለውን የመኪናውን ቋንቋ ተምረው ለሌሎችም አስተማሩ። ይህን ለማድረግ የቻሉት መሠረታዊውን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው። ለአንድ መኪና ወይም ለአንድ ጠረጴዛ ሥራ ብቻ የተማረ ሰው፣ መኪናው በተለወጠ ጊዜ ዕውቀቱ አብሮ ያረጅበታል። ሆኖም ወይዘሮ ቮን በ1971 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳግመኛ የክፍል ኃላፊነት አላገኙም፤ ዕውቀት ብቻውን ሹመትን አያመጣምና።

በ2011 በኒውዮርክ፣ በብሩክሊን የተከፈተው «ፒ-ቴክ» የተባለው ትምህርት ቤት የዚሁ አሳብ የቅርብ ዘመን ምሳሌ ነው። የከተማው ትምህርት መሥሪያ ቤት፣ የከተማው ዩኒቨርሲቲና አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ አቋቋሙት። ተማሪዎች ያለ መግቢያ ፈተና ገብተው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርትና የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ ዲግሪ ያለ ክፍያ ይፈጽማሉ፤ ከኩባንያውም መካሪና የሥራ ልምምድ ያገኛሉ። በላንግሌይ ዘመን በጦርነት ግፊት የሆነው፣ በዚህ አስቀድሞ ታስቦ በስምምነት ተደረገ።

ኮሌጅ የአሠሪ አገልጋይ መሆን የለበትም የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። የአሠሪ ፍላጎት ከጦርነት ጋር መጥቶ ከጦርነት ጋር ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ታሪኩ የሚያስረዳን መለያየትን ሳይሆን ድርሻን ለይቶ ማወቅን ነው። ኮሌጅ የማያረጀውን መሠረት ይስጥ፤ መሥሪያ ቤት ተግባሩን ያሳይ፣ ቦታውንም ይክፈት፤ ሕግ ደግሞ በሩ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው እንዳይዘጋ ይጠብቅ። በአገራችንም የምህንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤት ይላካሉ። ስንት ተማሪ ተላከ ብለን ብቻ ከመቁጠር ይልቅ፣ ማን ሳይላክ ቀረ፣ የተላከውስ ምን ይዞ ተመለሰ ብለን ብንጠይቅ ከሐምፕተን ታሪክ ተምረናል ለማለት እንችላለን።