የፒግመንት ልኬት በስፔክትረም መነጠል

የስፔክትረም መነጠል፣ በውጭ ስያሜው ስፔክትራል ዲኮንቮሉሽን፣ በአንድ ናሙና ውስጥ የተደባለቁ ፒግመንቶችን ማለትም የቀለም ውህዶችን ድብልቁ ከሚመጠው ብርሃን ተነሥቶ በስሌት የሚለይ የልኬት ዘዴ ነው። ውህዶቹን አስቀድሞ በኬሚካላዊ መንገድ መለያየት አያስፈልግም። የቅጠልና የዋቅላሚ ክሎሮፊል፣ የበርበሬ ካሮቲኖይድ፣ የቀይ ሥር ቤታላይን፣ የደም ሄሞግሎቢን በዚህ መንገድ ይለካሉ። ዋናው መሣሪያ የብርሃን ምጠትን የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር በመሆኑ፣ ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ ውድ የክሮማቶግራፊ መሣሪያ ለሌላቸው ቤተ ሙከራዎች ትልቅ አቅም ይሰጣል።

መርህ

እያንዳንዱ ፒግመንት ብርሃን የሚመጥበት የራሱ መልክ፣ ማለትም ስፔክትረም፣ አለው። በአሴቶን የሟሟ ክሎሮፊል ኤ በ430 እና በ662 ናኖሜትር አካባቢ፣ ክሎሮፊል ቢ ደግሞ በ455 እና በ645 አካባቢ ብርሃንን አብዝተው ይመጥጣሉ። ካሮቲኖይዶች ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ባለው ክልል ስለሚመጥጡ በሰማያዊው በኩል ሦስቱም ይደራረባሉ። በቢየር እና ላምበርት ሕግ መሠረት የአንድ ውህድ ምጠት ከክምችቱ ጋር ይመጣጠናል፤ የድብልቁ ምጠትም የውህዶቹ ምጠት ድምር ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ንጹሕ ፒግመንት ስፔክትረም ከታወቀ፣ ኮምፒዩተሩ ድምራቸው ከናሙናው ስፔክትረም ጋር በእጅጉ የሚገጥምበትን መጠን ይፈልጋል። ከዜሮ በታች የሆነ የፒግመንት መጠን ሊኖር ስለማይችል ስሌቱ አሉታዊ ውጤት እንዳይሰጥ ይገደባል።

የዘዴው እድገት

ዳንኤል አርኖን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት ሁለቱን ክሎሮፊሎች በ663 እና በ645 ናኖሜትር በተነበቡ ሁለት ቁጥሮች ማስላት ተቻለ። ቀመሩ ዛሬም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ናሙናው ውስጥ ያልታሰበ ሦስተኛ ውህድ ካለ ስሕተቱን የሚያሳይበት መንገድ የለውም። ክሎሮፊል ማግኒዥየሙን ሲያጣ የሚፈጠረው ፌኦፊቲን በዚያው ቀይ ክልል ስለሚመጥ፣ ባረጀ ወይም በተበላሸ ቅጠል ላይ ውጤቱ ይዛባል። ሄንድሪክ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2007 ባሳተሟቸው ሥራዎች የየፒግመንቱን ስፔክትረም የደወል ቅርጽ ባላቸው የጋውስ ኩርባዎች ድምር ገልጸው ሙሉውን ስፔክትረም ማዛመድ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ያን-ኤሪክ ትራኔና ባልደረቦቹ የዋቅላሚ ፒግመንቶችን ብዛት ባላቸው ናሙናዎች ላይ በዚህ መንገድ የመለካትን ብርታትና ድክመት መረመሩ።

የኢትዮጵያ ቡና

በኢትዮጵያ ከተደረጉ ጥናቶች አንዱ ምሳሌ ካፌይንን ይመለከታል። ካፌይን ቀለም የለውም፤ የሚመጠውም ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ የመደራረቡ ችግር ግን አንድ ነው። አበበ በላይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በውሃ ከተዘጋጀው የቡና ናሙና ካፌይኑን በዳይክሎሮሜቴን አወጡ፤ የሌሎች ውህዶችን ጣልቃ ገብነት ደግሞ በጋውስ ኩርባ ነጠሉ። ንጹሕ ካፌይን በውሃ ውስጥ በ272 ናኖሜትር አካባቢ ከፍተኛ ምጠት አለው። በቤንች ማጂ፣ በጌዴኦ ይርጋ ጨፌ፣ በቴፒና በጎደሬ ቡናዎች ያገኙት የካፌይን መጠን ከ1.01 እስከ 1.19 በመቶ ነበር።

በርበሬ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በጎጃም ደግሞ ይህ ዘዴ ሊያገለግልባቸው ከሚችሉት ምርቶች አንዱ በርበሬ ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በርበሬ በብዛት ከሚመረትባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። በአካባቢው ገበያዎች ዛላ በርበሬ የሚመረጠው በዓይን፣ በእጅና በሽታ ነው። የተፈጨ በርበሬ ግን ባዕድ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል ዓይንን ሊያታልል ይችላል።

ናሙናው ተመዝኖ በአሴቶን ይዘፈዘፋል፤ ፒግመንቱ ብርሃንና ሙቀት ስለሚጎዳው በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል፤ ከተጣራ በኋላ ይነበባል። የአሜሪካ የቅመም ንግድ ማኅበር መለኪያ በ460 ናኖሜትር አንድ ንባብ ብቻ ወስዶ አጠቃላይ የቀለም ጥንካሬን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የኦርኔሮ-ሜንዴስና የሚንጌስ-ሞስኬራ ዘዴ ግን በ472 እና በ508 ናኖሜትር ንባቦች እንደ ካፕሳንቲን ያሉትን ቀያዮች ከቢጫዎቹ ይለያል። በበርበሬው ላይ ቀይ አፈር ወይም የሸክላ ዱቄት ቢጨመርበት አሴቶን ስለማያሟሟው፣ በአንድ ግራም የሚገኘው ፒግመንት ቀንሶ ይታያል።

የሚሟሟ ማቅለሚያ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ከውጭ በሚገባ የበርበሬ ምርት ላይ ልዩ ቁጥጥር እንዲጥል ምክንያት የሆነው ሱዳን 1 የተባለ ማቅለሚያ ብርሃን የሚመጠው ከካሮቲኖይዶቹ ጋር በተቀራረበ ክልል ነው። ስለዚህ ከስፔክትረሙ የሚነሣ ጥርጣሬ በክሮማቶግራፊ መረጋገጥ አለበት።

ውስንነት

ሉቴይንና ዚያዛንቲንን የመሰሉ ስፔክትረማቸው እጅግ የተቀራረበ ፒግመንቶች በዚህ ዘዴ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለዩም፤ በቡድን መለካታቸው ይመረጣል። አሟሚው ሲለወጥ የምጠቱ ከፍታ ቦታውን ስለሚቀይር ማመሳከሪያ የሚሆነው ንጹሕ ፒግመንትና ናሙናው በአንድ አሟሚ መዘጋጀት አለባቸው። የፈሳሹ ድፍርስነት ብርሃን ስለሚበትን በስሌቱ ውስጥ ለብቻው ይታሰባል። በተለካውና በተሰላው ስፔክትረም መካከል የሚቀረው ልዩነት ቅርጽ ካለው ያልታሰበ ውህድ መኖሩን ይጠቁማል። ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ብቻውን ግን የተመረጡት ፒግመንቶች ትክክል መሆናቸውን አያረጋግጥም።

በመሆኑም የውጤቱ ተአማኒነት የሚወሰነው በማመሳከሪያው ነው። ለጎጃም በርበሬ ይህ ማለት እንደ ማረቆ ፋና ካሉ የታወቁ ዝርያዎች፣ ገበሬው በሚያደርቅበት መንገድ ከደረቀ ንጹሕ ዛላ የተዘጋጀና በክሮማቶግራፊ የተረጋገጠ የራስ የማመሳከሪያ ስፔክትረም መዝገብ መያዝ ነው።