የሀርለሟ አቢሲኒያ ባፕቲስት እና የእኛ ወንበር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሀርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ 138ኛው መንገድ ላይ አንዲት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ «አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች» ነው። አዎ፣ አቢሲኒያ፤ የእኛው የድሮ ስም። እዚህ ጉብሬ ስለ እሷ ሳወራ ብዙ ሰው «ከደርግ የሸሹ ሐበሾች የከፈቷት ትሆናለች» ይለኛል። አይደለችም። የተመሠረተችው በ1808 ነው። ያኔ እኛ ሀገር ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ገና አልተወለዱም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከወንበር ነው።

በዚያ ዘመን በኒውዮርክ የመጀመሪያዋ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች መጸለይ ይችሉ ነበር፤ መቀመጥ የሚችሉት ግን ከላይ በሰገነቱ ላይ፣ ለእነሱ በተለየው ቦታ ብቻ ነበር። የሚያምኑት አንድ፣ የተጠመቁበት ውኃ አንድ፣ ወንበሩ ግን ሁለት። በዚያው በ1808 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን በሕግ ከልክላለች። ቢሆንም በኒውዮርክ ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች «ከሰገነት በታች እንቀመጥ» ሲሉ ከተማው ውስጥ ገና የሚሸጥና የሚለወጥ ሰው ነበር ማለት ነው።

እንቢ አሉና ወጡ። በቦስተን የታወቀው ጥቁር ሰባኪ ቶማስ ፖል መጥቶ አገዛቸው፣ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ስለ ባፕቲስቶች አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ባፕቲስትነት በ1609 አምስተርዳም ውስጥ በእንግሊዛውያን ስደተኞች መካከል የተጀመረ ነው። ሁለት ነገር አጥብቀው ይይዛሉ። አንደኛው፣ ሰው የሚጠመቀው ራሱ አምኖ ሲመሰክር ነው፤ ሕፃን አያጠምቁም። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ ከላይ የሚያዝ ጳጳስ የለም። ይሄ ሁለተኛው ነገር ለሀርለሞቹ አባቶችና እናቶች ትልቅ በር ነበር። የማንም ጳጳስ ፊርማ ሳያስፈልጋቸው፣ ምእመናን ተሰብስበው «እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን» ማለት ቻሉ።

ስሙስ ከየት መጣ? የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት እንዲህ ይላል፦ ከወጡት ሰዎች መካከል በመርከብ ወደ ኒውዮርክ የመጡ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩ፤ «ሰገነት ላይ ውጡ» ሲባሉ ተቆጥተው ወጡ፣ ስሙም በእነሱ ሀገር ተሰየመ። እኛ ጉራጌዎች ነጋዴ የሚለውን ስንሰማ ደስ ይለናል መቼም። ይሁን እንጂ ይህን ትውፊት የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» እና «አቢሲኒያ» የሚሉት ስሞች ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ ይሆኑ ነበር። በፖርትላንድ ከተማ፣ ሜይን፣ በ1828 የተሠራው የጥቁሮች የጸሎት ቤትም ስሙ አቢሲኒያ ነው። ጥቁሮቹ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ፣ በመዝሙረ ዳዊት እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለምትዘረጋው ኢትዮጵያ የተጻፈውን ያገኛሉ። የራሳቸውን መንደር ስም በባርነት ያጡ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ በክብር የተጠራ ስም አገኙ፤ ያዙት።

ለእኔ ነጋዴዎቹ ኖሩም አልኖሩም የታሪኩ ክብደት አይቀንስም። እንዲያውም አንድም ሐበሻ ካልነበረ፣ ስማችንን የመረጡት ከእኛ ምንም ሳያገኙ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1908 አዳም ክሌይተን ፓወል (አባትየው) መጋቢ ሆነው መጡ። ማኅበሩን ወደ ሀርለም ያዛወሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ያለው የድንጋይ ሕንፃ በ1923 ተመረቀ። የኢኮኖሚ ድቀቱ በመጣ ጊዜ ለተራቡ ሰዎች በነፃ የሚያበላ ማዕድ ቤት ከፈቱ። በ1930 ለትምህርት ኒውዮርክ የመጣው ወጣት ጀርመናዊ ዲትሪሽ ቦንሆፈር በዚህች ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት አስተምሯል፤ ይህ ሰው በኋላ ሂትለርን በመቃወሙ በ1945 ተሰቅሏል። በ1937 ልጃቸው አዳም ክሌይተን ፓወል (ልጅየው) መጋቢነቱን ተረከበ፤ ከ1945 ጀምሮም የሀርለም ተወካይ ሆኖ በአሜሪካ ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት አገለገለ።

እኛን የሚነካው ደግሞ ይሄ ነው። በ1935 ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ሀርለም ተነቃነቀ። ለኢትዮጵያ ድጋፍ ከተጠሩት ትልልቅ ሕዝባዊ ስብሰባዎች መካከል በዚህች ቤተ ክርስቲያን የተካሄደ ነበር። ሀገራችንን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች! በ1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የኢትዮጵያ መስቀል ሰጡ፤ መስቀሉ እስከ ዛሬ ምልክቷ ነው። በእኛ ሚሌኒየም በ2007፣ የራሳቸውን 200ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ ከ150 በላይ ምእመናን ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ጎበኙን።

እስከዚህ ያለው ደረት ያስነፋል። አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

እነዚያ ሰዎች በ1808 አቢሲኒያን የነፃነት ስም አድርገው ሲመርጡ፣ እዚህ በእኛ ምድር ምን ነበር? የጉራጌ ልጅ እየተማረከ ይሸጥ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሸዋ የደረሱ አውሮፓውያን ስለ ጉራጌ ባሪያዎች ጽፈዋል፤ ይፋት ውስጥ ከአልዩ አምባ አጠገብ የነበረው የአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ከሚሸጥባቸው አንዱ ነበር። ባርነት በሀገራችን በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። ከኒውዮርክ 115 ዓመት ዘግይተን።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዊሊያም ሻክ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ወደ ጉራጌ መጥቶ ነበር። ጥቁር ነው። ስለ እኛና ስለ እንሰት ባህላችን በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይህ ሰው የጉራጌን ታታሪነት ብቻ ጽፎ አላቆመም። «ፉጋ» እየተባሉ ስለተገለሉት እንጨት ሠሪዎች፣ ስለ ቆዳ ፋቂዎችና ስለ ቀጥቃጮችም ጽፏል፤ መሬት እንደማይኖራቸው፣ ጋብቻ እንደሚከለከሉ፣ አብሯቸው የሚበላ እንደሌለ። በሀገሩ ወንበር ሲለይበት የኖረ ሕዝብ ልጅ፣ እዚህ መጥቶ ሌላ የተለየ ወንበር አየ።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር የቤታችንን እንጨት የሠራው ሰውዬ ቡና ሲጠራ ከደጃፍ ነበር የሚቀመጠው፤ ስኒውም ለብቻው ነበር። ክፉ ሰዎች ስለሆንን አልነበረም። ማንም ምንም አይልም፤ እንደዚያ ነው የተለመደው። የኒውዮርኩ ሰገነትም ይኸው ልማድ ነበር፤ ከታች የሚቀመጡት ነጮች ራሳቸውን ደግ ክርስቲያን ነው የሚሉት።

ሃይማኖት ብቻውን ወንበሩን እንደማያስተካክል ሌላ ምስክር አለ። በ1845 የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች ባሪያ ያላቸው ሰዎች ሚሲዮናዊ ይሁኑ በሚል ጉዳይ ከሰሜኖቹ ተለዩ። ይኸው የደቡቦቹ ኅብረት በ1960ዎቹ መንዝ ድረስ ሰዎቹን ልኮ የልማት ሥራ ሠርቷል። ስለ ባርነት ውርሱ ይቅርታ የጠየቀው ግን በ1995 ነው፤ 150 ዓመት ፈጅቶበት። የአቢሲኒያ ባፕቲስትና የደቡብ ባፕቲስት ጥምቀታቸው አንድ ዓይነት ነው። የለያቸው ማን የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ጉብሬ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ልጅ ይማርባታል። ብዙ ነገር ተቀይሯል፣ አልክድም። ሆኖም ጋብቻ ሲመጣ «የማን ዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ፤ ሽማግሌ ተልኮ በዚሁ ምክንያት ሲመለስ አይቻለሁ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም ቤት።

ስማችን በሀርለም ድንጋይ ላይ ተጽፎ መኩራት መብታችን ነው፣ እኔም እኮራለሁ። ግን ያ ስም የተመረጠው «እዚያ ሀገር ጥቁር ሰው ከሰው በታች አይቀመጥም» ተብሎ ታምኖ ነው። መስቀል ደርሶ ሁላችንም ወደ ሀገር ቤት ስንገባ፣ ክትፎው ሲቀርብ፣ ቆጮው ሲቆረስ፣ እስቲ ዞር ብለን እንይ፤ ጣባውን የሠራችው ሴትዮ፣ ምሰሶውን ያቆመው ሰውዬ የት ነው የተቀመጡት? ደጃፍ ከሆነ፣ ወደ ውስጥ እንበላቸው።