የመጀመሪያው ሻምፒዮን የት ደረሰ?

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሻምፒዮናዎች ዝርዝር ሲገለጥ በመጀመሪያው መሥመር ላይ የሰፈረው ስም ብዙውን አንባቢ ያስገርማል። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የመጀመሪያ ውድድር ያሸነፈው የአገር ልጆች ቡድን አልነበረም፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን እንጂ።

ሚሲዮኑን ወደ አገራችን ያመጣው ኳስ አልነበረም። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከአዲስ አበባ በተባረረ ማግሥት፣ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት አዲሱን የኢትዮጵያ ጦር እንዲያሠለጥን የተመደበ አካል ነበር። ይኸው ውል ለእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ የቀደመ ሥፍራ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የተመለሰው ነጻነት ገና ሙሉ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በሌላ ውል እስኪተካ ድረስም ጸንቶ ቆይቷል። የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተካሄደው እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ውሎች መካከል ነው።

ተወዳዳሪዎቹ አምስት ሲሆኑ የዘመኑን ከተማ ገጽታ ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የኢጣሊያውያን ቡድን ነበር። ኢትዮጵያውያንን የወከለው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ይህ ቡድን በወረራው ዘመን ስሙን ለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገድዶ የነበረ በመሆኑ፣ በገዛ ስሙ ተሰልፎ ከኢጣሊያውያን ቡድን ጋር በእኩልነት መወዳደሩ ብቻውን ትልቅ ትርጉም ነበረው።

አምስተኛው ቡድን ግን ከአራቱ በአንድ ነገር ይለያል። አራቱ በከተማይቱ የሚኖር፣ ልጆቹን የሚያሳድግና ተተኪ የሚያፈራ ማኅበረሰብ ነበራቸው። የሚሲዮኑ ተጫዋቾች በትእዛዝ መጥተው በትእዛዝ የሚመለሱ ነበሩ። በመሆኑም አሸናፊው ቡድን ስሙ ከሻምፒዮኖች ተርታ ዳግመኛ ሳይጻፍ ቀረ። ሚሲዮኑ ራሱም በ1943 ዓ.ም. ሥራውን አጠናቆ ከአገር ወጣ።

በአንጻሩ ሠልጣኙ አሠልጣኙን ተካ። የኢትዮጵያ ጦር ቡድን በ1941 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ ሚሲዮኑ ከወጣበት ከ1943 እስከ 1946 ዓ.ም. ደግሞ በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1942 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሻምፒዮናነቱን አገኘ። አራራትና ኦሎምፒያኮስ የሚሉት ስሞች እንኳ የአርመኖችና የግሪኮች ክበብ መጠሪያ ሆነው ለረጅም ዘመን ዘልቀዋል።

የሚሲዮኑን ቡድን ከታሪክ መፋቅ አይገባም፤ ያሸነፈው በሜዳ ላይ ነውና። ነገር ግን ያንን የመጀመሪያ መሥመር ለተማሪ የሚያስረዳ መምህር ከውጤቱ ባሻገር ሊያመለክተው የሚገባ እውነት አለ። ቡድንን ዘላቂ የሚያደርገው አንድ ጊዜ መርታቱ ሳይሆን ተጫዋች የሚያፈራለትና ስሙን የእኔ የሚለው ሕዝብ መኖሩ ነው።