ገበሬውን ፍለጋ የወጣ ማኅበር

ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። ከደጅ ፀሐይ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆም ማለት አለበት። ሲለምድለት የሬሳ ሣጥኖቹን ያያል፤ የዋግሹሞች የደረቀ አስከሬን በውስጣቸው አለ። ዋግሹሞች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዛጉዌ ነገሥታት ነው። በ1270 ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ ዋግን ለልጅ ልጅ እንዲገዙ ቃል እንደተገባላቸው ትውፊቱ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ደጋ ሃይማኖት ከርስትና ከአጥንት ጋር አብሮ ይወረሳል። ይህን ያልተረዱ ሚሲዮናውያን አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። የስሕተታቸውን ዋጋ ይበልጡን የከፈለው ግን የአገሬው ገበሬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1625 ነው። በዚያ ዓመት ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ኢትዮጵያ ገቡ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገልጸው ነበር። በዚያው ዓመት ያረፉት ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋውን የተማሩ፣ ሰውን በትዕግሥት የያዙ መምህር ነበሩ። ሜንዴዝ ግን አልታገሡም። ምእመኑ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ቄሱ ዳግም እንዲካን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አዲስ እንዲባረክ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ በዓሉና ጾሙ በሮም አቆጣጠር እንዲሆን ታዘዘ። እስኪ አንዲት የላስታ እናት ይህን ስትሰማ እናስባት። ልጇ አልተጠመቀም ከተባለ፣ የተቀበረው አባቷስ ምን ሊባል ነው?

የዋግ ጎረቤት ላስታ በ1629 በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። ተራራውን ምሽግ ያደረገው ገበሬ የንጉሡን ጦር ሦስት ዓመት አስጨነቀው። በ1632 ሱስንዮስ ድል አደረጉ፤ ሜዳው ላይ የወደቀው የላስታ ሰው እስከ 8,000 ይገመታል። ከሙታኑ መካከል አንድም እስላም ወይም አረመኔ አልነበረም፤ ሁሉም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ይህም የራሳቸውን የንጉሡን ሰዎች ልብ እንደሰበረ ይተረካል። ከድሉ ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ።

ያኔ ሰቆጣም ሆነ ቤተ መንግሥቱ ያልሰማው ሌላ ነገር በዚያው በ1625፣ በሚያዝያ ወር፣ ፓሪስ ላይ ተፈጽሟል። ቪንሰንት ደ ፖል የሚባሉ፣ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ያደጉ የገበሬ ልጅ ቄስ ከጎንዲ ቤተሰብ ጋር ውል ተፈራረሙ። ባላባቶቹ 45,000 ሊቭር ሰጡ። በምላሹ ቄሶቹ በትልልቅ ከተሞች መስበክ ትተው፣ ከሕዝቡም ምንም ሳይቀበሉ፣ በገጠር እየዞሩ ሊያስተምሩና ሊያናዝዙ ተስማሙ። የውሉ ሥር በ1617 የሆነ ነገር ነው። በጋን መንደር በሞት አፋፍ ላይ የነበረ አንድ የተከበረ ገበሬ ለዓመታት በኀፍረት የደበቀውን ኃጢአት ለቪንሰንት ተናዘዘ። እርሳቸውም በአቅራቢያው በፎልቪል ስለ ንስሐ ሰበኩ። ሊናዘዝ የጎረፈው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ከአሚያን ከተማ ኢየሱሳውያን ለእርዳታ ተጠሩ።

በመስከረም 1626 አንትዋን ፖርታይ፣ ፍራንስዋ ዱ ኩድሬ እና ዣን ደ ላ ሳል አብረዋቸው ለመኖር ፈረሙ። ማኅበሩ አራት ሰው ሆነ። በ1632፣ ማለትም ላስታ በደም በታጠበበት ዓመት፣ ቀድሞ የለምጻሞች መጠለያ የነበረውን ቅዱስ ላዛር የተባለ ትልቅ ቤት ተረከቡ። ላዛሪስቶች የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ቤት ነው።

ላዛሪስቶች ኢትዮጵያን የረገጡት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ጁሴፔ ሳፔቶ በ1838 ዐድዋ ገቡ፤ በዓመቱ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ተከተሉ። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው እኚህ ሰው የደቡብ ጣሊያን ተወላጅ ናቸው። እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሱ፣ አብረው ጾሙ፣ አማርኛና ግእዝ ተማሩ፣ የግእዙን ሥርዓተ ቅዳሴ አከበሩ። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሜንዴዝ ከላይ ከቤተ መንግሥት ወደ ታች ሊያወርዱት የሞከሩትን፣ ያዕቆብ ከታች ከመነኮሳቱ ጎን ተቀምጠው ጀመሩት። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት በ1841 ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አብረው እንዲሄዱ የጠየቁት እርሳቸውን ነው።

ከመንገደኞቹ መካከል አንድ ዓይናቸውን በልጅነት ያጡ የጎጃም መነኩሴ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ተወልደው በመርጡለ ማርያም መንኩሰዋል። የምንኩስና ሕይወት ለምን እንደደከመ ማወቅ ፈልገው ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍት ያገላብጡ ነበር። በመጀመሪያ ፈረንጁን ቄስ አልወደዷቸውም። ሐሳባቸው የተለወጠው በመንገዱ ነው። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ ከዚያም በዓዲግራት አካባቢ በጓላ ከተከፈተው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ጋር ተቆራኙ። የግእዝ ሰዋስውና የትምህርተ ሃይማኖት ሥራም ይሠሩ ነበር። የካቶሊኩ ጳጳስ አባ ማስያስ ምፅዋ ላይ በ1849 አቡነ ያዕቆብን ጵጵስና ሾሟቸው፤ እርሳቸውም በ1851 ገብረ ሚካኤልን ካህን አደረጓቸው። ዕድሜያቸው 60 ደርሶ ነበር።

በ1854 ሐምሌ ጎንደር ላይ ታሰሩ። ደጃዝማች ካሳና ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ካቶሊኮቹን ለማስወጣት ተስማምተው ነበር። ያዕቆብ ከአገር ተባረሩ፤ መነኩሴው ግን በእግር ብረት ቀሩ። በጅራፍ ሲገርፏቸው ደህናዋን ዓይን ያነጣጥሩ እንደነበር የማኅበሩ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በግንቦት 1855 ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ባሉበት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የንጉሡን ጦር ተከትለው በሰንሰለት ተጓዙ፤ ነሐሴ 28 ቀን 1855 በመንገድ ላይ ታመው ዐረፉ። ማኅበሩ እንደ ራሱ ልጅ ይቆጥራቸዋል፤ በ1926 ሮም ብፁዕ ብላቸዋለች።

ሌላው ጅማሬ በሰሜን፣ በከረን ዙሪያ በቦጎስ ነው። ላዛሪስቱ ጆቫኒ ስቴላ በ1850ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሰፈሩ። የቦጎስ ሕዝብ ብሌን ነው፤ ከብሌኖቹ አንዱ ክፍል፣ ቤት ታርቄ፣ ገብረ ታርቄ የተባለው አባታቸው ከላስታ አገው እንደ ወጣ ይተርካሉ። ቋንቋቸው ከዋግ አገው ቋንቋ ከኽምጣና ጋር አንድ ዘር ነው። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ በ1882 ስለ ብሌን፣ በ1884 ደግሞ ስለ ኽምጣና ያሳተማቸውን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን የገለጠ ሰው ወንድምና ወንድም ሲነጋገሩ የሰማ ይመስለዋል።

የላስታ ሰው ፓትርያርኩን በጦር መለሰ፤ ከዚያው ምድር ወጣሁ የሚል ዘመዱ ግን ስቴላን በመንደሩ አስተናገደ። ከትምህርታቸው በፊት ያየው ሥራቸውን ነበር። በ1854 ከከሰላ የመጣ የግብፅ ጦር ቦጎስን ወርሮ ሴቶችንና ሕፃናትን ሲማርክ፣ ስቴላ የተነዱትን ለማስመለስ ወጡ፤ ፕላውደንም አገዟቸው። ከተወሰዱትም ብዙዎቹ ወደ ከረን ዙሪያ፣ ወደ የቤታቸው ተመለሱ።