ተከሳሽ ልታደርጋት የነበረችው ከተማ ዳኛ አደረገቻት

በእኛ በቆቦ ገበያ ሰው በፀጉር አሠራሩና በአለባበሱ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይለያል። ለእኛ ልብስ ማንነት ነው። ልብስ ወንጀል የነበረበትም ከተማ አለ፤ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሂውስተን። የከተማዋ ደንብ የተቃራኒ ፆታ ልብስ ለብሶ የተገኘን ሰው ያስቀጣ ነበር።

ፊሊስ ፍራይ በ1948 እ.ኤ.አ. ሳን አንቶኒዮ ተወለደች። ወንድ ተብላ አደገች፤ በጦር ሠራዊት አገለገለች፤ መሐንዲስ ሆነች። በ1976 ሴት ሆና በአደባባይ መኖር ጀመረች። ትራንስጀንደር የሚባለው ይህ ነው። በሙያዋ የሚቀጥራት ጠፋ፤ ከቤቷ በወጣች ቁጥርም ደንቡ ሊያስይዛት ይችል ነበር።

አልሸሸችም። የከተማውን ምክር ቤት ለዓመታት ደጅ ጠናች፤ በ1980 ደንቡ ተሻረ። በማግስቱ ዓመት ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪዋን ያዘች። በኖቬምበር 2010 ከንቲባ አኒስ ፓርከር ለከተማው ፍርድ ቤት ዳኝነት አጩዋት። ምክር ቤቱ ሹመቷን ያጸደቀው ከ30 ዓመት በፊት እንዳትያዝ እየሰጋች «ደንቡ ይሻር» ብላ በተማጸነችበት በዚያው አዳራሽ ነው። ትራንስጀንደርነቷን ሳትደብቅ በአሜሪካ ዳኛ ሆና የተሾመች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች።

በአኗኗሯ የማይስማማ አንባቢ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄዬ ግን ስለ ሕግ ነው። ማንንም ያልበደለ ሰው በልብሱ ሲያዝ «ይበለው» ካልን፣ ነገ የራያን ልጅ በጎፈሬው ለሚይዘው ምን መልስ አለን?